የጫጉላ ደሴት በሚያብረቀርቅ ወረቀት

በእንዲህ ያለ ገጽ ላይ ዘወትር የሚተቸው መጽሐፍ፣ ቴአትር ወይም አዲስ የወጣ ዘፈን ነው። እኔ ግን ዛሬ ደራሲው ስሙን ያልጻፈበት፣ በነፃ የሚታደል፣ ሆኖም እጅግ ውድ ዋጋ የሚያስከፍል ጽሑፍ ልተች ተነሥቻለሁ። የጉዞ ወኪሎች የሚያድሉትን፣ በካሪቢያን ደሴቶች ስለሚደረግ ሠርግና ጫጉላ የሚያወራውን ባለ ቀለም መጽሔት ማለቴ ነው። እርስዎም አይተውት ይሆናል። ካላዩትም ልጅዎ ወይም የወንድምዎ ልጅ አንድ ቀን ይዛው መምጣቷ አይቀርም።

ለእኔ ይዛልኝ የመጣችው የእኅቴ ልጅ ናት። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከእጮኛዋ ጋር መጣችና፣ ቡናው ሳይቀርብ ሦስት ወፋፍራም መጽሔቶች ከረከቦቱ አጠገብ ዘርግፋ፣ «ጋሼ፣ አንተ ማንበብ ትወዳለህ፤ እስቲ አንብብና የቱ ደሴት እንደሚሻል ንገረን» አለችኝ። ሁለቱም ሠራተኞች ናቸው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ እቁብ ጥለው ገንዘብ አጠራቅመዋል። ምክንያታቸውንም አልደበቁኝም። ለንደን ውስጥ ቢደግሱ አምስት መቶ ሰው መጥራት ግድ ሊሆንባቸው ነው። አዳራሹ፣ ምግቡ፣ መጠጡ፣ የሚዜው ልብስ፣ ሊሙዚኑ፣ ቪዲዮው ተደማምሮ እቁቡን ውጦ ብድር ያስጨምራል፤ ያልተጠራው ደግሞ ዕድሜ ልኩን ይቀየማል። ባሕር ማዶ ሄደው ቢጋቡ ግን ሃያ ሰው ይበቃል፤ ሩቅ ነው ሲባል የሚቀየም የለም። ሐሳቡ ሞኝነት የለበትም። አንድ ነገር ብቻ ሆዴን በላው። እናቷ፣ ማለትም እኅቴ፣ ያለችው ደሴ ነው። ልጅቱ የምታልመው ደሴት ላይ በምን ትድረስ?

መጽሔቶቹን በሦስት ማታ ጨረስኳቸው።

በመጀመሪያ ስለ ሥዕሎቹ ልናገር። በሦስቱም መጽሔቶች ያለው ባሕር አንድ ዓይነት ነው፤ ማዕበል የሌለው፣ ዓሣ አጥማጅ የማይታይበት፣ ጀልባ ቢኖር እንኳ ባዶውን የቆመበት ባሕር። ሙሽራውና ሙሽሪት ብዙ ጊዜ ጀርባቸውን ሰጥተውን ወደ ውኃው ይመለከታሉ፤ ፊታቸው የማይታየው እኛ ራሳችንን በእነሱ ቦታ እንድናስቀምጥ ይመስለኛል። የአገሬው ሰው ግን ፊቱ ይታያል፤ ይስቃል፤ በእጁም ትሪ ይዟል። ወይም ፎጣ። ወይም ጃንጥላ። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው እየገለበጥኩ ቁጭ ያለ የአገሬው ሰው ፈለግሁ። አንድ አገኘሁ፤ እሱም ከበሮ እየመታ ነው።

ይህን ያስተዋልኩት ብልህ ስለሆንኩ አይደለም። ከእኛ መካከል ለንደን እንደገባ በሆቴል አልጋ ያላነጠፈ፣ ሰሐን ያላጠበ፣ በሌሊት ቢሮ ያላጸዳ ስንት ሰው አለ? እኔ ራሴ ሁለት ክረምትና ሁለት በጋ የሰው አንሶላ ስቀይር ኖሬአለሁ። ትሪ የያዘ ሰው ፈገግ ሲል ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደቆመ እናውቃለን። ስለዚህ እኛ ይህን መጽሔት የምናነብበው አንዴ በከፋይ፣ አንዴ በትሪ ተሸካሚ ዓይን ነው። አዘጋጆቹ እንዲህ ያለ አንባቢ ይኖረናል ብለው ያሰቡ አይመስልም።

የአገሩ ልጆችም እነዚህን ሥዕሎች ቀድመው ተችተዋቸዋል። (ዓመቶቹ፣ ለይቼ ካልጻፍኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የሴንት ሉሺያው ባለቅኔ ዴሪክ ዎልኮት በ1992 የኖቤል ሽልማት ሲቀበል ባደረገው ንግግር፣ የቱሪስት መጽሔቶች ደሴቶቹን ሁሉ አንድ መልክ ሰጥተው፣ ሰማያዊ የመዋኛ ገንዳ አስመስለው መሸጣቸውን በምሬት አንሥቷል። የአንቲጓዋ ደራሲ ጃሜካ ኪንኬድ ደግሞ በ1988 ባሳተመችው ስለ ትንሿ አገሯ በሚናገር መጽሐፍ ቱሪስቱን በቀጥታ እያናገረች፣ ከታክሲው መስኮት የሚያልፈውንና የማያየውን አንድ በአንድ ትቆጥርለታለች፤ በ1974 የመሬት መንቀጥቀጥ የተጎዳውና ዓመታት ሙሉ ሳይጠገን የቆየው ቤተ መጻሕፍት አንዱ ነው። መጽሐፉ ቀጭን ነው፤ በአንድ የባቡር ጉዞ ያልቃል። የጉዞ መጽሔቱን የሚያነብ ሰው ይህንንም ቢያነብ እመክራለሁ፤ የዕረፍት ፍላጎቱን ይቀንስብኛል ብሎ የሚሰጋ ካለ ግን ከተመለሰ በኋላ ያንብበው።

ወደ ቃላቱ እንለፍ። መጽሔቱ የሚወዳቸው ሁለት ቃላት አሉ፤ አንዱ «ነፃ»፣ ሌላው «ሁሉን ያካተተ»። ሠርጉ ነፃ ነው ይላል። ከታች ጉንዳን በሚያካክሉ ፊደሎች የተጻፈውን ሲያነብቡ፣ ነፃ የሚሆነው ይህን ያህል ሌሊት፣ በዚህ ደረጃ ባለ ክፍል ካደሩ ነው። ከተወሰነው ቁጥር በላይ ለሚመጣ እንግዳ፣ ለተጨማሪ አበባ፣ ለወንበር ልብስ ይከፈላል። ፎቶ አንሺ ከውጭ ይዤ ልግባ ካሉም ብዙዎቹ ያስከፍላሉ። ሌላ ሆቴል ያረፈ ዘመድ ወደ ግቢው ገብቶ ሠርጉን ለማየት የቀን መግቢያ ይጠየቃል። በእኛ አገር ድግስ በር ላይ ዘመድ ገንዘብ ሲጠየቅ ያስቡት!

«ሁሉን ያካተተ» የሚለው አሠራር የራሱ ታሪክ አለው። በአውሮፓ ከ1950 ጀምሮ ክለብ ሜድ የተባለው ድርጅት የጀመረው ሐሳብ ነው፤ በጃማይካ በ1970ዎቹ ነግሪል አካባቢ ሥር ሰደደ፤ በ1981 ደግሞ ጎርደን ስቱዋርት የተባለው ጃማይካዊ ነጋዴ ሞንቴጎ ቤይ ላይ ሳንዳልስን ከፍቶ ለጥንዶች ብቻ የሚሆን ግቢ አድርጎ ዓለም አስታወቀው። በዚያ ዘመን ጃማይካ በፖለቲካ ብጥብጥ ትናጥ ነበርና፣ ቱሪስቱ ከአውሮፕላን ወርዶ ወደ ግቢ፣ ከግቢ ወደ አውሮፕላን መመለሱ ለሁሉም የሚመች መስሎ ታየ። ባለሆቴሎቹ ጃማይካውያን መሆናቸውን ልብ ይበሉ፤ ነገሩ ነጭና ጥቁር ብቻ አይደለም። ይሁን እንጂ ምግቡ፣ መጠጡ፣ ጭፈራው ሁሉ አስቀድሞ ተከፍሎበት ግቢ ውስጥ ካለ፣ ከአጥሩ ውጭ ዓሣ ጠብሳ የምትሸጠው ሴት ምን ትሸጣለች?

የፎቁ ጎረቤቴ ከሞንቴጎ ቤይ አጠገብ የተወለዱ አዛውንት ናቸው። መጽሔቱን አሳየኋቸው። አንዱን ሥዕል በጣታቸው ነክተው፣ እዚህ ጋ ልጅ ሆኜ ዋና ተምሬአለሁ አሉኝ፤ ከዓመታት በኋላ አገራቸው ሲመለሱ ጥበቃው በር ላይ እንዳቆማቸውም ነገሩኝ። አልዋሹም። በጃማይካ በ1956፣ ገና በቅኝ ግዛት ዘመን፣ የወጣው የባሕር ዳርቻ ቁጥጥር ሕግ ለሕዝቡ ወደ ባሕሩ የመግባትና የመዋኘት አጠቃላይ መብት አልሰጠም፤ አገሪቱ በ1962 ነፃ ከወጣች በኋላም ሕጉ ቀጠለ፤ ዛሬም ጃማይካውያን የሚሟገቱበት ጉዳይ ነው። በባርቤዶስ ግን ባሕሩ ዳር የሁሉም ነው፤ ሆቴሉ የፈለገውን ያህል ቢከብር ከፊቱ ባለው አሸዋ ላይ የአገሬው ልጅ ኳስ ይጫወታል። እንግዲህ ይህ ደሴት ለመምረጥ የሚረዳ ትልቅ ልዩነት አይደለም? በሦስቱ መጽሔቶች ውስጥ ግን አንድ መስመር አልተጻፈበትም።

ጫጉላም ራሱ የተዘጋ ነው የሚሉኝ ይኖራሉ። እውነት ነው። ጫጉላ በእኛ ዘንድ መጀመሪያ ጉዞ አልነበረም፤ ቤት ነበር። ሙሽሮቹ ለብቻቸው የሚቆዩበት ጎጆ ወይም ዳስ ነው፤ ሚዜዎች ደጁን እየጠበቁ ያስተናግዷቸዋል፤ ዘመድ ምግብ ይልካል፤ ሽማግሌው ደህንነታቸውን ይጠይቃል። «ሽርሽር» የሚለው ከተሜው የጨመረው ነው፤ ሶደሬ፣ ላንጋኖ፣ አሁን አሁን ደግሞ ቢሾፍቱና ሐዋሳ። ላንጋኖ ውኃው የሻይ መልክ አለው፤ በመጽሔት ሥዕል አያምርም፤ ሆኖም ጫጉላቸውን እዚያ ያሳለፉ ሰዎች ሲያወሩ ዓይናቸው ሲበራ አይቻለሁ። የጫጉላው በር የተዘጋው ደጅ የሚጠብቅ ወዳጅ ስላለ ነው። በመጽሔቱ ግቢ ደጅ የሚጠብቀው ተቀጣሪ ነው፤ ሥራውም የሰፈሩን ሰው መመለስ ነው። እኔ ሁለቱን አንድ ናቸው ለማለት አልደፈርኩም።

አሁን ወደ ዋናው ችግር ልምጣ፤ ወደ ወረቀት። መጽሔቱ በአንድ አጭር አንቀጽ «የሚያስፈልገው ፓስፖርትና የልደት የምስክር ወረቀት ብቻ ነው» ብሎ ያልፋል። ብቻ! ከእኛ ስንቱ ነው የልደት ወረቀት ይዞ የተሰደደው? በአገራችን የልደት ምዝገባ በመላ አገሪቱ ሥራ የጀመረው በ2016 ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ ሰው፣ በተለይ የገጠር ልጅ፣ የልደቱ መዝገብ የእናቱ ትዝታ ነው። ብዙዎቻችን በእንግሊዝ ወረቀት ላይ ጃንዋሪ 1 ቀን የተወለድን ሰዎች ነን፤ ጃንዋሪ 1 ግን ታኅሣሥ 23 ስለሆነ እናቶቻችን የሚያውቁት ቀን አይደለም። ስማችንም ያከራክራል፤ የአባት ስም የቤተሰብ ስም ስላልሆነ፣ የሙሽሪት አባት በሌላ «የቤተሰብ ስም» ይቀርባል፤ መዝጋቢውም ይህች የማን ልጅ ናት ብሎ ይጠይቃል። ስለዚህ የልደት ወረቀቱን ከአገር ቤት ማስመጣት፣ በሕጋዊ ተርጓሚ ማስተርጎም፣ ወረቀት ከጠፋም ጠበቃ ፊት ቀርቦ ቃለ መሐላ መፈረም ይመጣል። አስቀድሞ የተፋታ የመጨረሻውን የፍቺ ውሳኔ፣ የትዳር ጓደኛው የሞተበት የሞት ምስክር ወረቀቱን መያዝ አለበት። ይህ ሁሉ ወራት ይፈጃል።

ወረቀቱ ከተሟላ ሕጉ ራሱ ከባድ አይደለም። ጃማይካ ላይ 24 ሰዓት ከቆዩ በኋላ በፈቃድ መጋባት ይቻላል፤ ባርቤዶስና አንቲጓ ይህንንም አይጠይቁም። በዚያ አገር ሕግ መሠረት በትክክል የተፈጸመ ጋብቻ እዚህ እንግሊዝ አገርም ይታወቃል። የምስክር ወረቀቱን ዋና ቅጂ ሳይዙ እንዳይመለሱ እንጂ።

መጽሔቱ አንባቢው ሁሉ የእንግሊዝ ፓስፖርት ያለው ይመስለዋል። የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ወይም የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ግን ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት የደሴቱን ቆንስላ በጽሑፍ መጠየቅና መልሱንም በጽሑፍ መያዝ ይገባዋል። ርካሹ ቲኬት በማያሚ የሚያልፍ ከሆነም ይጠንቀቁ፤ አሜሪካ ከ2003 ጀምሮ ያለ ቪዛ በአየር ማረፊያ ብቻ አቋርጦ ማለፍን ከልክላለች። ከለንደን በቀጥታ የሚበር አውሮፕላን ሃምሳ ወይም መቶ ፓውንድ ቢበልጥም እሱ ይሻላል። የእኅቴም ጉዳይ እዚህ ላይ ነው የጠበበው። ከአዲስ አበባ ተነሥታ ለንደን ላይ አውሮፕላን ብቻ ለመለወጥ እንኳ ቪዛ ያስፈልጋታል፤ ከዚያ ደግሞ የደሴቱ ነገር አለ። ለልጅቱ ዘጠኝ ሰዓት የሆነው መንገድ ለእናቲቱ ሁለት ኤምባሲ ነው።

የቤተ ክርስቲያኑን ነገር ለማንሣት ያህል፣ በአሸዋ ላይ ተክሊል የለም። ቁርባን ቅዳሴ ባለበት ይፈጸማል። ለሙስሊም ወገኖቻችን ኒካሑ ቦታ ባይመርጥም፣ የሙሽሪት ወሊይና ምስክሮች ሊገኙ ይገባል፤ «ሁሉን ያካተተው» ምግብም ሐላል መሆኑን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ስለ ወቅቱ መጽሔቱ የሚለው ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ነው። የዐውሎ ነፋሱ ወቅት ግን ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው፤ የሚበረታውም ከኦገስት እስከ ኦክቶበር። እዚህ ላይ የእኛ ልማድ ክፉኛ ይገጥምለታል። ለንደን ውስጥ ሠርጋችንን የምንደግሰው ፍልሰታ እንደተፈታ፣ በኦገስት መጨረሻ ባለው ረጅም ቅዳሜና እሑድ ነው፤ ኖቲንግ ሂል ካርኒቫሉን ሲጨፍር እኛ አዳራሽ ውስጥ እስክስታ እንመታለን። በማግሥቱ ወደ ካሪቢያን መብረር ማለት ወደ ዐውሎ ነፋሱ አፍ መብረር ነው። በሴፕቴምበር 1988 ጊልበርት ጃማይካን አቋርጦ አለፈ። በ2024 በሪል ገና ጁላይ ሲጠባ ካሪያኩ የተባለችውን የግሬናዳ ትንሽ ደሴት አወደመ። በኦክቶበር 2025 መሊሳ የጃማይካን ምዕራብ የመታው በከፍተኛው፣ በአምስተኛው ደረጃ ነው። በዚያ ላይ ከ2011 ወዲህ ቡናማ የባሕር ሣር በብዛት እየተንሳፈፈ ወደ ብዙ ዳርቻዎች ይመጣል፤ ሲበሰብስም ይሸታል። በሥዕሎቹ ላይ አንዲት ዘለላ አላየሁም።

አያቶቻችን ሠርግን በጥር ያደረጉበት ምክንያት ሌላ ቢሆንም፣ ለደሴቶቹ የሚስማማው ጊዜ እሱው ነው። ከዲሴምበር አጋማሽ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ ደረቅ ነው። ከጥምቀት በኋላ፣ ሁዳዴ ሳይገባ ባሉት ሳምንታት መሄድ ማለት ነው። ዋጋው ይወደዳል፤ ስለዚህ ከሌሊቶቹ ቁጥር መቀነስ ይሻላል።

ስለ ደሴቶቹ ልዩነት እንደ መጽሔቱ ቢሆን ኖሮ የምለው አልነበረኝም፤ ለእሱ ሁሉም አንድ ናቸው። ባርቤዶስ ሜዳማ ነው፤ ምዕራቡ ዳርቻ ጸጥ ያለ፣ ምሥራቁ በአትላንቲክ ማዕበል የሚመታ ነው። እንደ እኔ ዋና የማያውቅ የደጋ ሰው ምዕራቡን ይምረጥ። በደቡቡ በኩል ኦይስቲንስ በምትባል የዓሣ አጥማጆች ከተማ ዓርብ ማታ ዓሣ እየተጠበሰ፣ የአገሬውም ሰው እንግዳውም በአንድነት ይበላል፤ ዓርብን ዓሣ የማይበላ ግን ያስብበት። ሴንት ሉሺያ ተራራማ ናት፤ ፒቶን የሚባሉት ሁለት ሾጣጣ ተራሮቿ በ2004 በዓለም ቅርስ ተመዝግበዋል። ሆኖም ትልቁ አየር ማረፊያ በደቡብ ጫፍ፣ ብዙዎቹ ሆቴሎች በሰሜን ናቸውና፣ ከረጅም በረራ በኋላ በጠመዝማዛ መንገድ ከአንድ ሰዓት በላይ መጓዝ አለ።

የጃማይካ ነገር ለእኛ ይለያል። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኪንግስተን ሲያርፉ ሕዝቡ ጥበቃውን ጥሶ አውሮፕላኑን ከበበው፤ ንጉሡም መውረድ አቅቷቸው ቆዩ፤ ሞርቲመር ፕላኖ የተባለው የራስ ተፈሪያን ሽማግሌ ሕዝቡን ካረጋጋ በኋላ ነው የወረዱት። ቦብ ማርሊ በ1980 በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ተጠመቀ፤ በ1981 ኪንግስተን ላይ ቀብሩን ያስፈጸሙት አቡነ ይስሐቅ ናቸው። ከዚያም በፊት፣ በ1935 ጣሊያን ሊወርረን ሲዘጋጅ፣ በዚችው በለንደን ከተማ ለእኛ ማኅበር ያቋቋሙት የትሪኒዳዱ ሲ.ኤል.አር. ጄምስና የጃማይካዋ ኤሚ አሽውድ ጋርቪ ነበሩ። ይህን ሁሉ የሠራ ሕዝብ በመጽሔቱ ውስጥ ፎጣ አቀባይ ሆኖ ብቻ መቅረቡ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አናደደኝ። (ቡናም አላቸው፤ በ1728 የገባ። ብሉ ማውንቴን የሚሉት ከፍተኛው ተራራቸው 2,256 ሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባ ዝቅ ይላል። ቡናው ግን ደህና ነው ይባላል።) እዚያ የሚሄድ ሐበሻ ከግቢው ሳይወጣ ቢመለስ ገንዘቡን አላወቀበትም።

በሦስተኛው ሳምንት ልጆቹ መጡና ያነበብኩትን ነገርኳቸው። እጮኛዋ ብዙ አልተከራከረም፤ እሱን ያሳሰበው ዐውሎ ነፋሱ ነበር። እሷ ግን ተቀየመች። «ጋሼ፣ አምስት መቶ ሰው ልጥራ ነው የምትለኝ?» አለች። አላልኩም። ስልኩን አንሥታ ደሴ ደወለች፤ ድምፁን ለሁላችን ከፈተችው። እኅቴ ስለ ባሕሩ፣ ስለ አሸዋው፣ ስለ አበባው ቅስት ዝም ብላ ሰማች። ከዚያ፣ «ሥዕሉ እንኳ ያምራል አሉ፤ ግን እዚያ ማን ይመርቃችኋል?» ብላ ጠየቀች። ልጅቱ መልስ አልነበራትም፤ ጥያቄውን ወደ እኔ መለሰችው፤ እኔም ቡና ቀዳሁ።

የደረሱበት ስምምነት ይህ ነው። ሥርዓቱ ለንደን ውስጥ በቤተ ክርስቲያን ከጥምቀት በኋላ ይፈጸማል፤ ድግሱ ለሰማንያ ሰው በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ይሆናል፤ የሚቀየመው ይቀየም፤ ከዚያ ሰባት ሌሊት ባርቤዶስ፣ አጥር በሌለው ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ። የእኅቴ የቪዛ ማመልከቻ ገብቷል፤ መልሱን እየጠበቅን ነው። ሁለቱን መጽሔቶች ይዘው ሄዱ። ሦስተኛው እኔ ዘንድ ቀርቶ ረከቦቱ ሥር ተነጥፏል። ወረቀቱ ጥሩ ነው፤ ቡና አያሳልፍም።